ከቀለሙ በፊት ውሃው፦ የድሬዳዋ የድሮ መሥሪያ ቤቶችን ለአዲስ ሥራ ስለማዘጋጀት

በድሬዳዋ የባቡር ሰፈር በከዚራ ያለ የድሮ መሥሪያ ቤት ሲታይ ዓይን ቶሎ የሚሄደው ወደ በረንዳው፣ ወደ ረጅሙ ጣሪያና ወደ እንጨት መስኮቶቹ ነው። መጀመሪያ መታየት የሚገባው ግን ዝቅ ብሎ፣ ከመሬት እስከ ወገብ ያለው የግድግዳ ክፍል ነው። እዚያ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ከተገኘ ጨው ነው፤ ከመሬት ወደ ግድግዳው የተሳበው ውሃ ሲተን ጥሎት የሄደው። ለበዓል ወይም ለእንግዳ ተብሎ ፕላስቲክ ቀለም ይደረብበታል። ከአንድ ክረምት በኋላ ቅርፊቱ ይመለሳል፣ ቀለሙም ይመለሳል።

የድሮ ህንጻ ይታደስ ሲባል ጭቅጭቁ «ሙዚየም ይሁን፣ ካፌ ይሁን፣ ቢሮ ይሁን» ከሚለው ይጀምራል። ይህ ከመጨረሻው መጀመር ነው። ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ሳይታወቅ ስለ ሙዚየም መነጋገር፣ ጓዳው ሳይታይ ድግስ እንደመጥራት ነው።

ድሬ ላይ ነገሩ ጊዜ አይሰጥም። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ ነው፤ የከዚራን ቀጥ ያሉ መንገዶች የቀየሱትም የፈረንሳይ መሐንዲሶች ናቸው። ጣቢያው፣ የጥገና ጋራዡ፣ የባቡሩ ቢሮዎች፣ በዙሪያቸው የተሠሩት የመንግሥት ቤቶች ኑሯቸው ከዚያ ባቡር ጋር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ጣቢያውን ከመሀል ከተማ ውጭ ሲያደርገው የድሮው ሰፈር ሥራው ቀነሰ። ሰው የማይገባበት ቤት ደግሞ ቶሎ ይደክማል። መስኮት የሚከፍት የለም፣ አሸንዳ የሚጠርግ የለም፣ ነፋስ ያነሣትን አንዲት ቆርቆሮ የሚመታት የለም። ስለዚህ አዲስ ሥራ መስጠቱ ተገቢ ነው። እንዴት የሚለው ላይ ነው ገንዘብም ቅርስም የሚባክነው።

ምርመራው

ለመጀመሪያው ምርመራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መዶሻ፣ ሚስማር፣ ብርጭቆ፣ ጀሶ፣ ሜትር፣ ጠመኔና ደብተር ይበቃሉ። የማይታለፈው ጊዜው ነው፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት የዝናብ ወቅት፣ ከበልጉ እስከ ነሐሴ መጨረሻ።

ቀዳሚው ነገር በድንጋዮቹ መካከል ያለው ማያያዣ ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። በሚስማር ሲጫር የሚፈረፈር ከሆነ ጭቃ ወይም ኖራ ነው፤ ሚስማሩ ተንሸራትቶ ጭረት ብቻ ከተወ ሲሚንቶ ነው። ጭቃውን ከኖራው ለመለየት የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይጨመራል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፈርሶ ታች ከተኛ ጭቃ ነው። ሎሚ ጠብ አድርጎ አረፋ መፈለግ የታወቀ ዘዴ ቢሆንም ድሬ ላይ ያሳስታል። ከደቡብ ካሉት ተራሮች የሚወርደው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ራሱ የኖራ ድንጋይ ብናኝ ስላለበት፣ በዚያ አሸዋ የተሠራ የጭቃ ማያያዣም አረፋ ያወጣል።

ቀጥሎ ልስኑ በመዶሻው እጀታ ይንኳኳል። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ከድንጋዩ ለቋል ማለት ነው፤ በጠመኔ ተከቦ ፎቶ ይነሣና በንድፉ ላይ ይሰፍራል። ስንጥቅ ላይ ደግሞ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስስ ጀሶ ይለጠፍና ቀኑ ይጻፍበታል። ጀሶው የሚለጠፈው ልስኑ ተነሥቶ በድንጋዩ ላይ በቀጥታ ነው። በልስን ላይ ከተለጠፈ የሚለካው የልስኑን መላወስ ብቻ ነው፤ ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ጀሶው ከተሰበረ ግድግዳው ዛሬም ይንቀሳቀሳልና መሐንዲስ ምክንያቱን ሳያገኝ ስንጥቁን መሙላት ከንቱ ነው። ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የመሠረት መስመጥ ወይም ከመስኮቱ በላይ ያለው ተሸካሚ መድከም ነው። ከጣሪያው ሥር በአግድም የሚሄደው ደግሞ ጣሪያው ግድግዳውን ወደ ውጭ እየገፋው እንደሆነ ያስጠረጥራል።

ፎቶ በሚነሣበት ጊዜ ሜትሩ ከጎን ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ በርና መስኮት ቁጥር ይሰጠው። የወለሉ ንድፍ በ1፡50 ይሠራ፣ የመስኮትና የበረንዳ ዝርዝር በ1፡10። ከድሮው ልስንና ቀለም እፍኝ ናሙና በላስቲክ ታሽጎ፣ ከየት እንደተወሰደ ተጽፎበት ይቀመጥ። በኋላ «ድሮ ምን ቀለም ነበር?» ሲባል መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ሲሚንቶውና ኖራው

በድሮ ግንብ ላይ ከሁሉ በላይ ጉዳት ያደረሰው በበጎ ሐሳብ የተደረገ የሲሚንቶ ልስን ነው። በጭቃ ወይም በኖራ የታነጸ ግንብ ውሃ ይወስዳል፣ በነፋሱም መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ሲለበስበት መውጫው ይዘጋል። ውሃው ግን መግባቱን አይተውም፤ በጸጉር ስንጥቅ፣ ከመሬት፣ ከተሰበረ አሸንዳ ይገባል። መውጫ ሲያጣ በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ይሄድና ልስኑ ካለቀበት በላይ ይወጣል፤ ባለበት ከቆየም ጨዉ ከልስኑ ጀርባ እየጠጠረ የድንጋዩን ፊት ይፈነቅለዋል። የጭቃው ማያያዣም ከውስጥ ይለሰልሳል። ከውጭ ሲታይ ግን ግድግዳው ቀጥ ያለና የጸዳ ነው፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው ሁሉንም ሲሚንቶ ማርገፍ ነው ማለት አይደለም። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከጠርዝ ጀምሮ በመሮና በቀላል መዶሻ ይነሣል፤ በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ፈጽሞ አይነካም። ከድንጋዩ ጋር አጥብቆ የተያያዘ፣ ግድግዳውም ደረቅ ከሆነ መተው ይሻላል። በግድ ሲላጥ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይመጣልና።

የሚተካው ኖራ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ዝርዝር ያስፈልጋል። ከምድጃ የወጣ፣ ውሃ ያልነካው ኖራ በበርሜል ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመራል። ሁልጊዜ ኖራው ወደ ውሃው ይገባል እንጂ ውሃ በኖራው ላይ አይፈስም፤ ፈልቶ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት የግድ ነው፤ ንጹህ ውሃ በባልዲ አጠገብ ይቀመጥ። ከቀዘቀዘ በኋላ በወንፊት ተጣርቶ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ከላይ እንደያዘ ተከድኖ ቢያንስ 3 ወር ይተኛል። ሲወጣ እንደ አይብ የለሰለሰ መሆን አለበት።

ልኩ 1 ኖራ ለ3 አሸዋ ነው። አሸዋው ሻካራና የታጠበ ይሁን። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጠርሙስ ሲሶው አሸዋ፣ የቀረው ውሃ ይሞላና ቁንጥር ጨው ገብቶበት ተንጦ ይቀመጣል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከአሸዋው በላይ የተኛው ደለል ከአሸዋው አንድ አሥረኛ ከበለጠ ይታጠብ። ለ100 ካሬ ሜትር ግድግዳ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሴንቲ ሜትር በሆኑ ሁለት ንብርብሮች፣ ለድንጋዩ መጎርበጥ አንድ አምስተኛ ተጨምሮበት 2.4 ሜትር ኩብ ያህል አሸዋና 0.8 ሜትር ኩብ የቦካ ኖራ ይፈልጋል። ኖራው አራት ባለ 200 ሊትር በርሜል ማለት ነው። ይህን ያህል ለማግኘት ወደ 4 ኩንታል ውሃ ያልነካው ኖራ ይበቃል።

አሠራሩ ላይ የድሬ ፀሐይ ዋና ባላጋራ ናት። ኖራ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን እርጥበት እንደያዘ ከአየር ጋር ተዋህዶ ነው፤ በአንድ ቀን ከደረቀ በጣት የሚራገፍ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ግድግዳው ከዋዜማው ጀምሮ ይረጠባል። ሥራው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ ከ4 ሰዓት በፊት ይቆማል፤ ሁልጊዜም ጥላ ባለበት ጎን። ከዚያ እርጥብ ጆንያ ሳይነካው ከፊቱ ይሰቀላል፣ ቢያንስ ለሰባት ቀን በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ ይርከፈከፍበታል። ሁለተኛው ንብርብር ከአንድ ሳምንት በፊት አይገባም። የሚቀባውም የኖራ ውሃ ነው፤ እንደ ወተት የቀጠነ፣ በየ24 ሰዓቱ እየተደረበ እስከ አምስት ጊዜ። አንዴ ወፍራም አድርጎ መገላገል የፈለገ ሰው በሳምንቱ ሲቀረፍ ያየዋል። ፕላስቲክም ሆነ ኳርትዝ ቀለም በላዩ ከተቀባ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

እዚህ ላይ የበጀት ዓመቱ ነገር ይመጣል። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ግዢው ተጓቶ ተጓቶ ልስን የሚለሰነው በግንቦትና በሰኔ፣ ማለትም ድሬ በምትነድበትና ዝናብም በሚቃረብበት ጊዜ ይሆናል። «የሰኔ ሥራ» የሚባለውን ቢሮ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ለኖራ ሥራ ትክክለኛው አቆጣጠር ሌላ ነው፦ በሐምሌ በጀቱ እንደተለቀቀ ኖራው ይገዛና በርሜል ይገባል፣ መስከረምና ጥቅምት ጣሪያና ውሃ መውረጃ ይጠገናል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ሲለዝብ ይለሰናል። ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ኖራውን በተለየ አነስተኛ ግዢ መግዛት ሦስቱን ወር ያተርፋል።

ጨረታውን ካነሣን አይቀር፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የሥራ ዝርዝሩ ላይ ነው። «ልስን ማደስ፣ በካሬ ሜትር» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የሚመጣው ሲሚንቶ ነው፤ ተቋራጩም አይወቀስም። የማያያዣው ዓይነት፣ ልኩ፣ የኖራው ዕድሜ፣ የንብርብሩ ውፍረት፣ የማርጠቢያው ቀናት በቁጥር ይግቡ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የናሙና ልስን ራሱን የቻለ የሚከፈልበት ሥራ ሆኖ ይጻፍ፤ ናሙናው ሳይጸድቅ የተቀረው አይጀመር። ከውስጥ የሚገኘው አስቀድሞ ስለማይታወቅ ከ15 እስከ 20 በመቶ መጠባበቂያ ካልተያዘ ሥራው መሀል ላይ ይቆማል። ህንጻው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የጥገናው ዕቅድ አስቀድሞ በቅርስ ባለሥልጣኑ መጽደቅ አለበት። ይህን እንደ ወረቀት ጣጣ የሚያዩት አሉ፤ ንድፉና የናሙናው መዝገብ ከላይ በተባለው መልክ ከተዘጋጀ ግን ማመልከቻው በአብዛኛው ተጽፎ አልቋል።

ከላይ የሚወርደው

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በግማሽ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 6,000 ሊትር፣ ሦስት ባለ 2,000 ሮቶ ማለት ነው። ያ ሁሉ በአንድ ቀጭን ቧንቧ ወደ አንድ ማዕዘን ከተላከ ያ ማዕዘን ይሰምጣል። ባለ 110 ሚሊ ሜትር መውረጃ በየአሥር ሜትሩ፣ የአሸንዳው ዘቅዘቅታ በሜትር 5 ሚሊ ሜትር፣ የቧንቧው አፍ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ በድንጋይ ቦይ። የሚተካው ቆርቆሮ ከጂ-28 አይሳሳ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚቀጥን ዕቃ የሚረከበው ሰው ይወቅ።

መሬቱም ይታይ። መንገዱ በአስፋልትና በኮብልስቶን እየተደራረበ ከፍ ብሎ፣ የወለል ሥር ማናፈሻ ቀዳዳዎች የተቀበሩበት ቤት ጥቂት አይደለም። ከተቻለ ግቢው ከወለሉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ይቆፈር። ግድግዳውን ተጠግቶ የፈሰሰ ኮንክሪት ካለ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ በጠጠር ይተካ፤ ኮንክሪቱ የመሬቱን እርጥበት ወደ ግድግዳው ይገፋዋል።

በረንዳውን በመስታወትና በአሉሚኒየም ዘግቶ ቢሮ ማድረግ በከተማው ውስጥ በጣም የተወደደ ጥፋት ነው። ሠላሳ ካሬ ሜትር ተገኘ ይባላል። የጠፋው ግን ግድግዳው ላይ ፀሐይ እንዳያርፍ የሚከለክለው ጥላ ነው፤ የውስጠኛው ክፍል ነፋስ ያጣል፣ ኤሲ ይገባል፣ የኤሲው ውሃ በቀን ሊትሮች እያንጠባጠበ ግድግዳው ላይ ይወርዳል። ከዚያ ቀጥሎ «ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ» ተብሎ ኮርኒሱ ዝቅ ይደረጋል። አራት ሜትሩ ጣሪያ የተሠራው ትኩሱ አየር ከራስ በላይ እንዲሄድ ነበር። አንዷ በረንዳ ስትዘጋ ቤቱ እንዳለ የተሠራበት ሐሳብ ተከታትሎ ይፈርሳል።

የሚችለው ሥራ

አሁን ወደ ሥራው ምርጫ። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ስንት መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋል የሚለው ነው። ቀልድ ይመስላል፤ የድሮ ህንጻን አዲስ አገልግሎት የሚገድለው ግን በአብዛኛው ይኸው ነው። ሆቴል ማለት በየክፍሉ መታጠቢያ ማለት ነው፤ በየግድግዳው ቧንቧ፣ በየወለሉ ቀዳዳ። ክሊኒክም እንደዚያው። የድሬ ውሃ ደግሞ ኖራ የበዛበት ነው፤ ቧንቧ ይደፍናል፣ መጋጠሚያ ያፈሳል፣ በግድግዳ የተቀበረ ቧንቧ ሲያፈስ የሚታወቀው ልስኑ ከወደቀ በኋላ ነው። የንባብ አዳራሽ፣ የስብሰባና የሥልጠና ቦታ፣ ኤግዚቢሽን፣ ሕዝብ በመስኮት የሚስተናገድበት ቢሮ፣ ችሎት እነዚህን ቤቶች አያውኳቸውም። ካፌም ይሆናል፣ ማብሰያው ውጭ ከሆነ።

መጸዳጃው ከዋናው ህንጻ ቢያንስ ሁለት ሜትር ርቆ በአንድ አዲስ ቤት ይሰብሰብና በቀላል ጣሪያ ይገናኝ። አዲሱ ቤት ድሮ እንዳይመስል እንጂ ጎልቶም እንዳይጮህ ይሠራ። የውሃ ታንከር ጣሪያ ላይ አይሰቀልም፤ 5,000 ሊትር ሲሞላ ውሃው ብቻ 5 ቶን ነው። የራሱ ማማ ይኑረው፣ ሁሉም ቧንቧና ሽቦ ግድግዳውን ሳይቆፍር በፊቱ ላይ እየታየ ይሂድ። ውበት ያጎድላል የሚል ይኖራል። የሚታይ ቧንቧ በመፍቻ ይጠገናል፤ የተቀበረው ግን ግድግዳ ያፈርሳል።

ፎቅ ያለው ከሆነ ክብደቱ ይታሰብ። የቢሮ ወለል በተለምዶ የሚታሰበው በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ኪሎ እንዲሸከም ነው። ፋይል የሞላ ሁለት ሜትር ቁመት ያለው መደርደሪያ ግን ባረፈበት ቦታ ከ500 ኪሎ በላይ ይጫናል። መዝገብ ቤት በእንጨት ወለል ፎቅ ላይ መታየት የለበትም፤ ምድር ይውረድ። የተሸካሚ እንጨቶቹ ጫፍ፣ ግድግዳ ውስጥ የገባው ክፍል፣ በወስፌ ይወጋ፤ ቀድሞ የሚበሰብሰውና ምስጥ የሚገባበት እሱ ነው። ወስፌው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ያለ ትግል ከገባ ጫፉ ተቆርጦ ጤናማው ላይ ከሁለት ጎን በአዲስ እንጨትና በብሎን ይያያዛል፤ ሙሉው አይጣልም። በመስኮቶችም ላይ እንዲሁ። የበሰበሰው ብዙውን ጊዜ የታችኛው አግዳሚ ብቻ ሆኖ ሳለ ሙሉው ተነቅሎ አሉሚኒየም ይገባል።

አዲስ ክፍል መከፋፈል ካስፈለገ ከጣሪያው ሳይደርስ፣ በራሱ ክፈፍ የቆመ ሰሌዳ ይሁን። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ባለጉዳይ መወጣጫ ግዴታ ነው፤ ዘቅዘቅታው 1 ለ12 ስለሆነ 30 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ሁለት ደረጃ 3.6 ሜትር ርዝመት ይይዛል። ከብረት ተሠርቶ በድሮው ደረጃ ላይ ሳይቸነከር ይቀመጥ።

ሐረር ያላችሁ ይህን ሁሉ እንዳለ አትውሰዱት። በጀጎል፣ በድሮው የከተማ ቅጥር ውስጥ፣ የቤቶቹ ግንብ በጭቃ የታነጸ፣ ነባሩ ጣሪያም ጠፍጣፋ የአፈር ነው፤ ከተማውም ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ልስን በቀን አይደርቅም። የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ነው፤ የሬምቦ ቤት የሚባለውም እንዲሁ ሙዚየም ሆኗል። ሁለቱም የተቀረጸ እንጨት የበዛባቸው ስለሆኑ እዚያ ቀዳሚው ጉዳይ እሳትና ምስጥ ነው። ወደ ድሬ ስንመለስ፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወስዷል። ከደቻቱ ዳር ላለ ህንጻ ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ደንብ አለ፦ የኤሌክትሪክ ሳጥኑም ሆነ ምድር ቤት የሚቀመጥ መዝገብ ከወለሉ ከፍ ይበል።

ህንጻው ተመርቆ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ የሚያስፈልገው አንድ መሰላል፣ አንድ ደብተርና ስሙ የተጻፈ ኃላፊ ነው። በመጋቢት መጀመሪያና በሰኔ መጀመሪያ አሸንዳውና መውረጃው ይጠረጋል። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ አንድ ሰው ጣሪያው ሥር በባትሪ ይገባና እርጥብ እንጨት ይፈልጋል። በየሦስት ወሩ የምስጥ የጭቃ መስመር በመሠረቱ ዙሪያ ይታያል፤ ቢሮው ቢዘጋም የሳሎኖቹ መስኮቶች በሳምንት ሁለት ቀን ይከፈታሉ። ደብተሩ ላይ ቀን፣ የታየው ነገር፣ የተደረገው፣ ፊርማ። መሰላሉ መጋዘን ተቆልፎበት ቁልፉ ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጋር ስብሰባ አይሂድ፤ ጥበቃው ዘንድ ይሁን።